መረሬ መሬት ላይ የተተከሉ ሀገር በቀል ችግኞች ክረምቱን አልፈው በበጋ ለምን ይደርቃሉ?

ጥያቄ፦ «ግቢያችን 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ከቤቱ ፊት 10 በ15 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ሀገር በቀል ብቻ ልትከል ብዬ ሐምሌ ላይ 14 ችግኝ ገዛሁ፤ ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ክትክታና ቁንዶ በርበሬ። ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ጥልቀት አስቆፍሬ ግማሹን በፍግ ሞላሁት። ነሐሴን ለምልመው ከረሙ። ጥቅምት ላይ ቢጫ መሆን ሲጀምሩ ውሃ ጨመርኩ፤ ባሰባቸው። ሀገር በቀል ውሃ አይፈልግም ሲሉኝ ደግሞ ጭራሽ ተውኩት። አሁን ጥር ላይ የቀሩኝ ሁለት ወይራ፣ አንድ ዋንዛ፣ ሁለት ጽድና አንድ ቁንዶ በርበሬ ናቸው። ጥፋቱ የችግኙ ነው የአፈሩ? የሞቱትን በምን ልተካ?»

ምላሽ፦ ጥፋቱ በአብዛኛው የጉድጓዱ ነው። ችግኞቹ መጎዳት የጀመሩት ነሐሴ ላይ ለምልመው ባዩዋቸው ጊዜ ሲሆን፣ ጥቅምት ላይ ጉዳቱ ወደ ቅጠል ወጣ እንጂ አዲስ ነገር አልተፈጠረም።

መረሬ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ውሃው ወደ ታች የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ነው። እንዲህ ባለ መሬት አንድ ሜትር ቆፍሮ በለሰለሰ ነገር መሙላት ባልዲ እንደ መቅበር ነው። የዙሪያው ጎርፍ ወደዚያው ይሰበሰባል፣ መውጫ ግን የለውም። ሥር ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ በተኛ ውሃ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቅና መጀመሪያ የሚሞቱት ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። በክረምት ሰማዩ ደመና፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ብዙ ውሃ አይጠይቅም፤ ተክሉ ግማሽ ሥሩን አጥቶም አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። መስከረም አልፎ ፀሐዩ ሲበረታ ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል፣ የሚያቀብል ሥር ግን የለም። ያኔ የጨመሩት ውሃ የቀረውን ሥር አፈነው። ከዚያ ደግሞ ጨርሰው ሲያቆሙ መረሬው መድረቅና መሰንጠቅ ጀመረ፤ መረሬ ሲሰነጠቅ በመሃሉ ያለፈውን ቀጭን ሥር ሁሉ ይበጥሳል።

ፍጉም የራሱ ድርሻ አለው። በደንብ ያልበሰለ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር ይግላል፣ በውስጡ ያለው ጨውና አሞኒያ ለጋ ሥር ያቃጥላል፣ ሲበሰብስም ለሥሩ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ይሻማል። ከሁሉ የከፋው ግን መስመጡ ነው። ፍግ ሲበሰብስ መጠኑ ስለሚቀንስ በላዩ የተተከለው ችግኝ አብሮት ይወርዳል፤ ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት አንገት ከመሬት በታች ይቀበርና ልጡ ይበሰብሳል። «ጉድጓዱ በጠለቀ፣ ፍጉም በበዛ ቁጥር ችግኙ ይጠቀማል» የሚለው ምክር በፍጥነት ውሃ በሚያሳልፍ አሸዋማ መሬት ላይ ብዙም ጉዳት ላያመጣ ይችላል። መረሬ ላይ ግን ችግኝ ይገድላል።

ይህ ከጽሑፍዎ የተነሳ ግምት ነው፤ ማረጋገጡ ቀላል ነው። ከሞቱት ሁለት ሦስቱን ዙሪያቸውን በዶማ ቆፍረው ከነአፈራቸው ያውጡ። አንዱን ሥር በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ያድርጉት። ልጡ ተሞልጮ እጅዎ ላይ ከቀረና ከውስጡ ቀጭን የእንጨት ክር ብቻ ከወጣ፣ መልኩ ጠቁሮ የረጋ ኩሬ የሚመስል ሽታ ካለው፣ የሞተው ታፍኖ ነው። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና በዙሪያው ያለው አፈር ዱቄት ከሆነ የገደለው ጥም ነው። ሥሩ የፕላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ተጠምጥሞ ከወጣ ደግሞ ችግኙ መጀመሪያውኑ ወደ መሬቱ አልገባም ማለት ነው፤ ይህ የሚሆነው ከረጢቱ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሲገዛ፣ ወይም ፕላስቲኩ ከታች ብቻ ተቀድዶ አብሮ ሲቀበር ነው። ችግኙ ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ ከወጣና ሥሩ ከታች ተከርክሞ ከጠፋ ፍልፈል በልቶታል። ግንዱን የጭቃ ቅርፊት ሸፍኖት ውስጡ ከተቦረቦረ ምስጥ ነው። ፍልፈልና ምስጥ ካገኙ ቀጥሎ በምገልጸው ላይ የሚጨመር ሥራ አለ፤ በቦታው እነግርዎታለሁ።

አሁን ስለ ዝርዝርዎ። ቁንዶ በርበሬ ሀገር በቀል አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ፣ ከፔሩና ከአካባቢዋ የመጣ ዛፍ ነው፤ ብዙዎቹ ሲሞቱ እሱ መትረፉም አያስገርምም፣ ድርቅ ይችላል። ሁለቱ ጽዶች ደግሞ የትኛው ጽድ እንደሆኑ ማጣራት አለብዎ። በየመንገዱና በየአጥሩ በብዛት የሚታየው የፈረንጅ ጽድ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ሀገር በቀሉ የሐበሻ ጽድ ነው። ችግኝ ሲሆኑ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ዘሩ የተለቀመበትን እናት ዛፍ መጠየቅ ወይም ማየት ይሻላል። የፈረንጅ ጽድ ፍሬ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። የሐበሻ ጽድ ፍሬ ግን የአተር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ፣ ለስላሳና የማይከፈት ነው። በዓመት አንድ ሜትር የሚመዘዝ ጽድ ካለዎት የሐበሻ መሆኑን ይጠራጠሩ። ጃካራንዳና ግራቪሊያም በተደጋጋሚ ሀገር በቀል ተብለው ይሸጣሉ፤ የመጀመሪያው የደቡብ አሜሪካ፣ ሁለተኛው የአውስትራሊያ ነው። አጥር ይሆናል ተብሎ የሚሰጥዎትን የወፍ ቆሎ ግን በነጻም ቢሆን አይውሰዱ። እሱም ከአሜሪካ ሞቃት አካባቢዎች የመጣ ነው፤ ፍሬውን ወፍ እየበተነው ከግቢ ወጥቶ መስክ ይወርራል፣ ከብትም ይመርዛል።

ሌላው መታረም ያለበት «ሀገር በቀል ከሆነ የትም ይበቅላል» የሚለው ነው። ተክል የሚያውቀው ድንበር ሳይሆን ከፍታ፣ ዝናብና አፈር ነው። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ 2,400 ሜትር የክልሉ የታችኛው ጫፍ ስለሆነ እርጥበት ካላገኘ በበጋ ይቸገራል። ዋንዛ በተቃራኒው ወይና ደጋ ይወዳል፤ እርስዎ ዘንድ ወደ ላይኛው ጫፉ ተጠግቷል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ውርጭም ለጋ ቅጠሉን ያጠቁረዋል። ክትክታ ከአፍሪካ አልፎ እስያ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ድረስ በተፈጥሮ የሚበቅል፣ ድንጋያማና የተራቆተ መሬት የሚችል ቁጥቋጦ ነው፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ግን አይስማማውም። ከሁሉ ቀድሞ የሞተብዎ ክትክታው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመጠን ጉዳይ ነው። ዋንዛ፣ ኮሶና የሐበሻ ጽድ ቁጥቋጦም ትንሽ ዛፍም አይደሉም። ዋንዛ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ቅርንጫፉም ሰፊ ነው፤ ኮሶ እስከ 20 ሜትር፣ የሐበሻ ጽድ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ ይሄዳል። በ10 በ15 ሜትር ቦታ ላይ ከእነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ግቢውን በሙሉ ይወስደዋል። መረሬ ላይ ደግሞ ጥላው ብቻ አይደለም ችግሩ። ትልቅ ዛፍ በበጋ ከመሠረቱ አጠገብ ካለው አፈር ውሃ ሲመጥ አፈሩ ይሸማቀቃል፣ በክረምት መልሶ ያብጣል፤ ይህ መላልሶ ሲሆን ግድግዳ ይሰነጥቃል። በሚያብጥና በሚሸማቀቅ አፈር ላይ የተለመደው የጥንቃቄ ልክ ዛፉ ሲያድግ የሚኖረውን ቁመት ያህል ከቤቱ መራቅ ነው። አምስት ሜትር የሚያድገውን አምስት ሜትር፣ 15 ሜትር የሚያድገውን 15 ሜትር። የእርስዎ ቦታ በዚህ ልክ ሲለካ ለትልቅ ዛፍ አይበቃም። ለቁጥቋጦ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ይበቃል፤ ከፍሳሽ ጉድጓድና ከውሃ ቧንቧ ግን ማንኛውንም ዛፍ ቢያንስ አምስት ሜትር ያርቁ።

ስለዚህ የሞቱትን በዓይነታቸው አይተኩ። እኔ የምመክርዎ ከቀሩት ወይራዎች አንዱን አስቀርተው የግቢው ዋና ዛፍ ማድረግ፣ ከቤቱ በጣም በራቀው ጥግ አንድ አንፋር መጨመርና የቀረውን ሁሉ ለቁጥቋጦ መተው ነው። ወይራ በተፈጥሮው 15 ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ነገር ግን ዝግ ብሎ ስለሚያድግና መቀስን በሚገባ ስለሚችል ከአራት እስከ አምስት ሜትር ላይ መያዝ ይቻላል። ይህ በየዓመቱ መከርከምን እንደሚጠይቅ ግን ከአሁኑ ይወቁት። አንፋር ቶሎ ያድጋል፣ ብርቱካናማ አበባው መዓዛ አለው፣ ንብና አበባ የሚቀስሙ ወፎች ይወዱታል። እሱም ካልተገረዘ ከአምስት ሜትር ስለሚያልፍ አበባው እንዳለቀ በየዓመቱ ማሳጠር ያስፈልጋል።

ከቁጥቋጦዎቹ ፀሐይ በሚመታው ጠርዝ ክትክታ፣ አጋምና ድግጣ ጥሩ ናቸው። ድግጣ ቢጫ አበባ የሚያንጠለጥል፣ እስከ አራት ሜትር የሚሄድ ውብ ቁጥቋጦ ነው፤ ዘሩ ግን መርዛማ ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን ባለበት ግቢ አይተከልም። አጋም ነጭ ሐምራዊ አበባው የሚያውድ፣ ፍሬው ሲጠቁር የሚበላ፣ እሾሁም ማንንም የማያሳልፍ ነው፤ ቦታው አጥር ሥር እንጂ የእግር መንገድ ዳር አይደለም። ቤቱ ጥላ በሚጥልበት በኩል ቀጨሞ ያድርጉ። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ፣ ቁመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ነው፤ ለመከርከምም ይመቻል። ሰዎች ከውጭ የመጡ የአጥር ተክሎችን ሲፈልጉ ይህን ችላ ማለታቸው ይገርመኛል። እርግጥ አዝጋሚ ነው፤ ወገብ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ቶሎ የሚሸፍን ከፈለጉ ሰንሰል ከቁራጭ ይበቅላል፤ ከአውራ ጣት የቀጠነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ በክረምት መጀመሪያ ከተተከለ በሁለት ዓመት አጥር ይሆናል። እርጥበቱ ደህና በሆነ ጥግ ትልልቅ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ደጋውን ይወዳል። ቀጋም ይስማማዎታል፣ ነገር ግን የሚደገፍበት አጥር ካላገኘ ተንሰራፍቶ ቦታ ይበላል።

ኮሽም ካማረዎት አንድ ነገር ይወቁ፤ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ተክል ላይ ነው፣ ችግኝ ሳለ ደግሞ አይለይም። ሁለት ብቻ ቢተክሉ ሁለቱም አንድ ጾታ የመሆናቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው፤ አምስት ቢተክሉ ይህ ዕድል ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ለአምስት የሚሆን ቦታ ከሌለዎት ፍሬ አይጠብቁ።

ችግኝ ሲመርጡ ትልቅ አይፈልጉ። ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ግንዱ የእርሳስ ያህል የወፈረ ችግኝ በዚያው ጠባብ ከረጢት አንድ ሜትር ከተመዘዘው ይበልጣል። የረዘመው ሥሩ ታች ደርሶ ተጠምጥሟል፣ ወይም ከረጢቱን በስቶ መሬት ገብቶ ሲነሳ ተበጥሷል። ከረጢቱን አንስተው ከሥር ይዩት፤ ወፍራም ሥር ተቆርጦ ከታየ ይተዉት። ጥላ ውስጥ ብቻ ያደገ ከሆነም ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ፀሐይ ያስለምዱት። ከጫካ ነቅሎ ማምጣት ግን ይቅር። የጫካ ችግኝ ዋና ሥሩ ወደ ታች የወረደ ስለሆነ ሳይቆረጥ አይወጣም፣ አብዛኛውም ይሞታል፤ የተራቆተውን ጫካ ደግሞ ይበልጥ ያራቁታል።

መሬቱን የሚያዘጋጁት አሁን በበጋ ነው። በመጀመሪያ ውሃ የማሳለፍ አቅሙን ይለኩ፦ 30 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት፣ ሙሉ በሙሉ ይስረግ፣ እንደገና ይሙሉና ውሃው በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ በማስመሪያ ይዩ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ወይም በላይ ከወረደ ደህና ነው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ መትከል አያዋጣም፤ ከፍ ያለ መደብ ላይ ነው የሚተከለው። መረሬ ላይ ብዙ ጊዜ ይህኛው ነው የሚገኘው። አንድ ማሳሰቢያ፦ መረሬው ተሰንጥቆ ሳለ ከለኩት የመጀመሪያው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋና ውጤቱ ያታልላል። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል በማግስቱ ሦስተኛ ጊዜ መሙላት የሚያስፈልገው።

የድሮዎቹን ጉድጓዶች አይጠቀሙባቸው። ያልበሰበሰውን ፍግ አውጥተው መሬቱ ላይ ይበትኑት፣ ጉድጓዱን በራሱ ጥቁር አፈር በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ ይድፈኑት። ከዚያ ቁጥቋጦዎቹ በሚተከሉበት መስመር ላይ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ረጅም መደብ ይሥሩ። ለየችግኙ ጉብታ ከመሥራት አንድ ወጥ መደብ ይሻላል፤ ሥር ወደ ጎን የሚሄድበት ቦታ ያገኛል፣ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም። መደቡ ከመሠራቱ በፊት ታችኛውን መሬት በሹካ ወይም በዶማ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ያላሉት፤ አለዚያ ሥሩ ሁለቱ አፈሮች የሚገናኙበት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ለመደቡ ሁለት እጅ የላይኛው አፈርና አንድ እጅ በሚገባ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃል፣ የሚቀላቀለውም በመላው መደብ ላይ ነው። የበሰለ ኮምፖስት ጠቁሮ የሚፈረፈር፣ አፈር አፈር የሚሸት፣ ሲነኩት የማይሞቅ ነው። በመደቡ ግርጌ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በየሜትሩ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር እየወረደ ከቤቱ የሚርቅ ቦይ ይቅደዱ። ይህን ቦይ የዘለለ ሰው መደቡ ቢያምርም በነሐሴ ያው ችግር ይገጥመዋል።

የመትከያ ጊዜዎ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው፤ መደቡ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከራሰ በኋላ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ከማቆሙ በፊት ሥር ለመስደድ ጊዜ አያገኝም። በዋዜማው ችግኙን ውሃ ያጠጡት። ፕላስቲኩን በምላጭ ከጎን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ሙሉ በሙሉ ያውጡትና ከግቢው ያስወግዱት። ከአፈሩ ግርጌ ሥር የተጠመጠመበትን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር በምላጩ ይቁረጡ፤ በጎኑም ሦስት አራት ቦታ ከላይ ወደ ታች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚገባ ጭረት ያድርጉ። ያሳሳል፣ ግን አስፈላጊ ነው፤ የተጠመጠመ ሥር ካልተቆረጠ ወፍሮ ከዓመታት በኋላ የራሱን ግንድ ያንቃል። ጉድጓዱ ልክ የሥሩን አፈር ያህል ይጥለቅ፣ ስፋቱ ግን ሁለት ሦስት እጥፍ ይሁን። የሥሩ አንገት ከመደቡ ወለል ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ አፈሩ ሲረጋ ይስተካከላል። በእጅ ይጫኑት እንጂ በተረከዝ አይርገጡት። ጉድጓዱ ውስጥ ዩሪያም ሆነ ሌላ ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ ለጋ ሥር ያቃጥላል። ካስፈለገ በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ኮምፖስት ከላይ መበተን ይበቃል።

ርቀቱ ተክሉ አድጎ በሚኖረው ስፋት ይለካል። ለአጥር ከሆነ አጋምን ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ክትክታን 50 ሴንቲ ሜትር አራርቀው በሁለት የተዛነፈ ረድፍ ይትከሉ። ለየብቻቸው እንዲቆሙ ከፈለጉ ክትክታና ድግጣ ሁለት ሜትር፣ ቀጨሞ አንድ ሜትር ይበቃቸዋል። መጀመሪያ ባዶ ይመስላል፤ ለዚያ ብሎ አጠጋግቶ መትከል ከአራት ዓመት በኋላ ግማሹን መንቀል ያስከትላል።

ፍልፈል ካገኙ እያንዳንዱን ችግኝ ቀዳዳው ሁለት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ የሽቦ መረብ ቅርጫት ውስጥ ይትከሉት፤ ስፋቱ 40፣ ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለምስጥ ደግሞ ያልበሰለ ፍግና ገለባ ከሥሩ ማራቅ ነው ቀዳሚው መከላከያ። ምስጥ በሌለበት ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቅ ሣር ወይም የቅጠል ጉዝጓዝ እርጥበት ይይዛል፣ የመረሬውንም መሰንጠቅ ይቀንሳል፤ ከግንዱ አንድ ጋት ያህል ራቅ ይበል። ምስጥ ባለበት በሣሩ ፋንታ ጠጠር ያድርጉ።

ውሃን በተመለከተ፣ «ሀገር በቀል ውሃ አይፈልግም» የሚለው እውነት የሚሆነው ተክሉ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ከረጢት ውስጥ ያደገ ችግኝ ሥሩ የአንድ ጣሳ አፈር ውስጥ ነው፤ ዘሩ የወደቀበት ቦታ በቅሎ ሥሩን ወደ ጥልቀት ከሰደደው ዘመዱ ጋር አይነጻጸርም። ሁለት በጋ መንከባከብ ግዴታ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ስድስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ሊትር፣ ከዚያ እስከ በልግ ዝናብ በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ሊትር ይስጡ። በሁለተኛው በጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይበቃል፤ በሦስተኛው ወይራ፣ ክትክታና አጋም ራሳቸውን ይችላሉ፣ አምጃ ግን ከባድ በጋ ሲመጣ ማገዝ ይፈልጋል። ቁጥሩ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ከማጠጣትዎ በፊት ጉዝጓዙን ገልጠው ጣትዎን እስከ መጨረሻው አንጓ ያስገቡ፤ ታች አፈሩ ጣት ላይ ከተጣበቀ ያንን ቀን ይለፉት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፣ ለስንጥቁም ያጋልጠዋል። ለበጋ ውሃ መያዣ በችግኙ ዙሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ግድብ ይሥሩ፣ ሰኔ ሲገባ ግን አንድ ጎኑን ይክፈቱት።

ድጋፍ እንጨት አብዛኞቹ አያስፈልጋቸውም። ነፋስ በጣም ካስቸገረ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ችግኙን ከእንጨቱ ጋር በላላ ገመድ ያያይዙትና ከዓመት በኋላ ይፍቱት። በመጀመሪያው ዓመት ከደረቀው በስተቀር ምንም አይቁረጡ። ከዚያ ለአጥር የተተከለውን አጋም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆርጡት ከታች ጀምሮ ይፋፋል። ክትክታን ግን ቅጠል እስካለበት ብቻ ይከርክሙት፤ ቅጠል የሌለው ያረጀ እንጨቱ ላይ ዝቅ ብሎ መቁረጥ አይመከርም።

የቀሩትን በተመለከተ፦ ሁለቱን ወይራ ግንዳቸውን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉ፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አሉ። የሞቱ የሚመስሉትንም ወይራዎች እስከ ሚያዝያ አይንቀሉ፣ ወይራ ከግርጌው መልሶ ማቆጥቆጥ ይችላል። ደህናው ወይራ አንገቱ ተቀብሮ ከሆነ ከግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር እስከ መጀመሪያው ወፍራም ሥር ገልጠው ያውጡለት፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ከነአፈሩ አንስተው ከቤቱ ቢያንስ አምስት ሜትር በራቀ መደብ ላይ ያዛውሩት፣ በዚህ ዕድሜው ይችላል። ሁለተኛውን ለመጠባበቂያ ይያዙት። ዋንዛውን ሰፊ ቦታ ላለው ሰው በዚያው ሰኔ ይስጡት፤ አንድ ዓመት ከቆየ ማንሳቱ ይከብዳል። ጽዶቹንና ቁንዶ በርበሬውን ግን አሁኑኑ ይንቀሏቸው፣ ውሃዎን በእነሱ ላይ አይጨርሱ። ለሰኔ ችግኝ ሲያዝዙ ከሚያስፈልግዎ ሁለት ሦስት አብልጠው ይያዙ፤ ከመደቡ አጠገብ በከረጢታቸው አቆይተው እስከ ሐምሌ መጨረሻ የሚጎድለውን ይተኩበታል።